የእትዬ ሀሎ የጉብኝት ደንብ

እትዬ ሀሎ ይህን ስም ያገኘችው ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው መስመር ስታገናኝ ከኖረችበት የስልክ ቤት ነው። ጡረታ ከወጣች ስድስት ዓመት ቢሆናትም፣ በሯን ያንኳኳ ሰው ዛሬም መጀመሪያ የሚሰማው «ሀሎ፣ ማን ልበል?» የሚል ለስለስ ያለ ድምፅ ነው። ሰፈሩ አንቱ ይላታል። እኔ ግን ጓዳዋን ልገልጥላችሁ ነው፤ ሰው ጓዳ ገብቶ አንቱታ አይመችም፣ ይቅር ትበለኝ።

ጡረታዋ ቀጭን ነው። መጀመሪያ የቤት ኪራዩ ይገምጠዋል፣ መብራትና ውሃው ይቆነጥሩታል፣ የደም ግፊት ኪኒኗም ድርሻውን ይወስዳል፤ የተረፈው እያነከሰ ወሩን እስከ ሃያኛው ቀን ያደርሳታል። የቀሩትን አሥር ቀናት እትዬ ሀሎ የምታልፋቸው በጉብኝት ነው። ዘመድ ወዳጅ ትጠይቃለች፤ የምትጠይቀውም ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ ነው። እስከ ዛሬ ግን «ምሳ ፍለጋ መጣች» ያላት ሰው የለም፣ ሥራውን ጠንቅቃ ታውቀዋለቻ።

ምሳ ሲቀርብ ከተፍ ማለት የርኀብተኛ ሥራ ነው። እሷ የምትደርሰው ሽንኩርት ሲከተፍ ነው፤ ሽንኩርት ሲከተፍ የደረሰ ሰው እንግዳ ይባላል። ወደ ወጥ ቤቱ አትመለከትም። ቅረቢ ሲሏት ሁለት ጊዜ በልታ መውጣቷን ትናገራለች፤ በሦስተኛው፣ የሰው ቅሬታ እንደማትወድ አስታውቃ ወንበሯን ትስባለች። አንዴ የሟች ባሏ የአጎት ልጅ ሚስት ሁለት ጊዜ ብቻ ጠይቃ ሳህኑን አነሳችው። እትዬ ሀሎ እየሳቀች ተሰናብታ ወጣችና ያን ቤት ከዝርዝሯ ሰረዘችው። ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ ቂሙ አልበረደላትም። አንድ ቤት በወር ሁለቴ አትሄድም። ባዶ እጇንም አትሄድም፤ አንድ ብርቱካን በጋዜጣ ትጠቀልላለች። ጋዜጣው ግን አንድ ገጽ አይደለም፣ አራት ነው፤ ሲያዩት ሦስት ብርቱካን ይመስላል።

እንዲህ የምትዞራቸው ዘጠኝ ቤቶች ነበሯት። የታናሽ እህቷ ቤት ግን ከዘጠኙ ውስጥ የለም፣ ኖሮም አያውቅም።

ታናሿን ሚጡ ትላታለች። ሚጡ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፣ መነጽር ታደርጋለች፣ ጉልበቷን ያማታል፤ ለእትዬ ሀሎ ግን ያው ሚጡ ናት። እናታቸው ስትሞት ከራሷ አፍ ነጥላ ያሳደገቻት፣ ስፌት ያስተማረቻት፣ የደንብ ልብስ የሚሰፋ ድርጅት ወስዳ ያስቀጠረቻት እሷ ናት። ዓለም ሁሉ ርኀቧን ቢያውቅባት እንኳ፣ ሚጡ እንድታውቅባት አትፈልግም። ይህ ከተነካ ታላቅነቷ አለቀ ብላ ነው የምታስበው። ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ ሲገናኙ ምንም እንዳልጎደለባት፣ እንዲያውም እንደሚተርፋት ትነግራታለች። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ድምፅ ያዳመጠች ሴት ናትና፣ «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል የት ላይ እንደሚሰበር ታውቃለች፤ እዚያ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ ታደርገዋለች።

በዚህኛው ወር ግን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። የድሮ ባልደረባዋ ልጇን ልትጠይቅ ሌላ ከተማ ሄደች። የቀድሞ ጎረቤቷ የሆነችው አዋላጅ ቤት እየቀየረች ስለነበር ምድጃዋ ካርቶን ውስጥ ነው። የወንድሟ ልጅ ቤት ጉንፋን ገብቶ ሁሉም ተኝቷል፤ የታመመ ቤት ገብቶ ምሳ መጠበቅ ደግሞ ነውር ነው። ሌሎቹንም ተራ በተራ ጨርሳቸዋለች። ሁለት ቀን በሻይና በደረቀ ዳቦ ከዋለች በኋላ፣ በሦስተኛው ቀን መስታወት ፊት ቆማ ከራሷ ጋር ተሟገተች። እህት እህቷን ብትጠይቅ ምን አለበት? ምንም የለበትም። ታዲያ ለምን ፊቷ ቀላ? ሙቀቱ ነው። ሰማያዊ ካፖርቷን ለበሰች፣ ብርቱካኗን ጠቀለለች፣ ወጣች። አውቶቡስ አልተሳፈረችም። በር ላይ ላገኘቻት ጎረቤቷ፣ በእግር እንድትሄድ ሐኪም እንዳዘዛት ነገረቻት።

ግማሽ መንገድ ላይ፣ ፖስታ ቤቱ አጥር ጋ ስትደርስ፣ አንዲት የክት ሹራብ የለበሰች ሴት ከወዲያ እያነከሰች መጣች። ሚጡ ነበረች።

«ወዴት ነሽ?» አለች እትዬ ሀሎ።

«አንቺ ጋ ነዋ፣ እታለም። አንቺስ?»

«እኔም አንቺ ጋ።»

ተሳሳሙ። ከዚያ ጭቅጭቅ ተነሳ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እያንዳንዷ ሌላዋን ወደ ራሷ ቤት ትጎትት ነበር፤ ዛሬ ግን ጉተታው በተቃራኒው ሆነ። እትዬ ሀሎ ይህን ያህል መጥታ እንደማትመለስ ተናገረች። ሚጡ የታመመ ጉልበቷን ጠቅሳ፣ ወደ ኋላ መመለስ እንደማይችል አስረዳች። ታላቅየዋ ቤቷን ቀለም አስቀብታ ሽታው እንደማያስቀምጥ አወራች፤ ያ ቤት ቀለም ያየው ከጡረታዋ በፊት ነው። ታናሽየዋ ውሃ መጥፋቱን አመጣች። አጥሩ ጋ የቆመ ጋዜጣ ሻጭ መነጋገራቸውን በደንብ ለመስማት መደርደሪያውን ትንሽ ጠጋ አደረገው። በመጨረሻ የሚጡ ጉልበት እውነትም እምቢ አለና አጥሩ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ይቺን ይዤልሽ ነበር» አለችና ሚጡ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠቻት።

እትዬ ሀሎ ተቀበለችው። ጣቷ ወረቀት ነካ፣ ከሥሩ ወረቀት፣ ከሥሩም ወረቀት። አራተኛው ገጽ ሥር አንዲት ብርቱካን ተገኘች። የራሷን ጥቅል ከቦርሳዋ አውጥታ ፈታችና ብርቱካኗን ከዚያችኛዋ ጎን አስቀመጠች። ሁለቱም ብርቱካኖቹን ማየት ያዙ።

«ስንት ቤት አለሽ?» አለች እትዬ ሀሎ በስልክ ቤት ድምፅዋ።

ሚጡ ለመዋሸት አፏን ከፈተችና ተወችው። «አምስት። አንቺስ?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ?» አለች ሚጡ፤ አድናቆቷን መደበቅ አልቻለችም።

ብርቱካኖቹን እየላጡ እየበሉ ዝርዝራቸውን አስተያዩ። አዋላጇ ከሁለቱም ዘንድ ተገኘች። እትዬ ሀሎ ረቡዕ ትሄዳለች፣ ሚጡ ሐሙስ። ሴትዮዋ አንድም ቀን ትንፍሽ ሳትል ሁለቱንም ስትቀልብ ኖራለች። ቤት የቀየረችው ከእነሱ ልታመልጥ ይሆን እንዴ ብላ ሚጡ ስትጠይቅ፣ እትዬ ሀሎ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ሳቁ ሲበርድ ሚጡ እውነቱን አወጣች። የልብስ ስፌት ድርጅቱ ተዘግቷል፤ አራት ወሩ። አሁን ቤቷ ሆና ለሰው ቁልፍ ትተክላለች፣ የተተረተረ ትጠቅማለች፣ እሱም ሲገኝ ነው።

እትዬ ሀሎ ደነገጠች። በእነዚህ አራት ወራት ሳይደዋወሉ የቀሩበት አንድም ቅዳሜ የለም። የማያውቁትን ሰው ሐዘን ከትንፋሹ የሚለይ ጆሮ ይዛ፣ ያሳደገቻትን ልጅ አልሰማቻትም። የራሷን ውሸት ስታሳምር የእህቷን ለማዳመጥ ጊዜ አላገኘችም። በጣም አፈረች። ከርኀቡ ይልቅ ይሄኛው አንጀቷን በላው።

«አራት ወር ሙሉ እንዴት ደበቅሽኝ?»

«አንቺስ ስድስት ዓመት?»

እትዬ ሀሎ ጋዜጣውን አጣጥፋ፣ ፈትታ፣ መልሳ አጣጠፈችው። ከዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት የተሞረደውን ድምፅ ትታ፣ በገዛ ድምፅዋ ተናገረች።

«ርቦኛል፣ ሚጡ።»

«እኔም» አለች ሚጡ። «ቤትሽ ምን አለ?»

«ዳቦ አለ፤ ግን ደርቋል። አንቺ ጋስ?»

«ሻይ አለ። ስኳር የለም።»

እትዬ ሀሎ መንገዱን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አየችው። «ለዳቦው አንድ ኪራይ፣ ለሻዩ አንድ ኪራይ እየከፈልን ነው ለካ» አለች።

ሚጡ የጠበቀችው ይህንኑ ይመስል ፈጠን ብላ፣ የእሷ ክፍል ሁለት አልጋ እንደሚይዝ ተናገረች፤ ኪራዩም ረከስ ይላል፣ መስኮቱም ፀሐይ ያገኛል። እትዬ ሀሎ አንገቷን ደፋች። ታላቅ ሆና ታናሿ ቤት ጥገኛ መግባት ለአፏ እንኳ ከበዳት።

ሚጡ ገባት። እጇን ያዘቻት።

«ታላቅነትሽን ማን ይወስድብሻል፣ እታለም? ርኀቡን ብቻ አካፍዪኝ።»

እትዬ ሀሎ ተነስታ ካፖርቷን አራገፈችና ክንዷን ለእህቷ ሰጠቻት። መጀመሪያ ዳቦውን ሊያመጡ፣ ቀጥሎም ሻዩ ወዳለበት ሊሄዱ ተያይዘው መንገድ ጀመሩ። እስከ ዛሬ ሁልጊዜ ከፊት የምትሄደው እትዬ ሀሎ ነበረች፤ በዚያ ቀን ግን እርምጃዋን ከሚጡ ጉልበት ጋር አስተካክላ ጎን ለጎን ሄደች።