የጎበጠው ጣውላ

ወሰን ሰፈር አንድ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ገብቼ የአንድ ትልቅ የመጽሐፍ መደርደሪያ በር ብከፍት፣ የአሮጌ ወረቀትና የዋንዛ ሽታ አወደኝ። የአያቴ ሽታ ነው።

በደርግ ጊዜ፣ የካ ሰፈራችን ቤት ለቤት ሊፈተሽ ነው ሲባል፣ አያቴ መጻሕፍታቸውን በጆንያ ከተው እንጦጦ ላለ ዘመዳቸው ላኩ። እናቴ ባዶውን መደርደሪያ ወልውላ የሰርጓን ብርጭቆዎች ደረደረችበት። “ለጠየቀሽ ሁሉ ቡፌ ነው በይ” አለችኝ። ጣውላው ግን ስንት ዘመን መጽሐፍ ተሸክሞ መሃሉ ጎብጦ ኖሮ፣ ብርጭቆዎቹ ወደ መሃል አዘንብለው ተደጋገፉ።

እናቴ ደነገጠች። “አባባ፣ ይሄን ካዩ ያውቁብናል። ጣውላውን ልገልብጠው።”

አያቴ የጎበጠውን ቦታ የተኛ ሕፃን እንደሚነካ ሰው በመዳፋቸው ዳሰሱት።

“ተይው ልጄ፣ ቦታቸው ነው። ኢንሻአላህ ሲመለሱ እንዳይጠፋቸው።”

እናቴ ከንፈሯን ነክሳ ብርጭቆዎቹን እንደተደጋገፉ ተወቻቸው። አያቴ እስኪሞቱ መጻሕፍቱ አልተመለሱም፤ ጣውላውም አልተገለበጠም።

የመሸጫው ወጣት ነጋዴ እጄ የጎበጠው ጣውላ ላይ እንዳረፈ አየ።

“ትንሽ ጎብጧል እንጂ ጥሩ ዕቃ ነው። ገልብጬ ልምታልዎት፣ እናቴ?”

“ተወው ልጄ፣” አልኩት፣ “ቦታቸው ነው።”