የሎርና ስስታም እርሳስ

ሎርና ኤስቴፕን የማያውቅ ሰው የኮሌጃችንን ጂም ረግጦ አያውቅም ማለት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሴቶቹ ቅርጫት ኳስ ሲካሄድ እኔ ሰዓት እይዛለሁ፤ እሷ ከጎኔ ተቀምጣ ማን አስቆጠረች፣ ማን አቀበለች እያለች ትመዘግባለች። እንደሷ ያለ ችኮ በኬንታኪ ተራሮች ሁሉ አልተፈጠረም!

ጣጣው አሲስት ላይ ነው። አንዷ አቀብላ ጓደኛዋ ወዲያው ካገባችው አሲስት ይባላል። ተቀባይዋ ሁለት ጊዜ አንጥራ ካገባች ግን ሎርና አትጽፍም። ተራራው ማዶ ያለው ኮሌጅማ ውሃ ላቀበለ ሁሉ አሲስት ይጽፋል።

ዘንድሮ ዴሊያ ማጋርድ መጣችልን፤ የሎርና የመንደሯ ልጅ፣ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ። ስታቀብል ከኋላዋም ዓይን ያላት ነው የምትመስለው። የሊጋችን ምርጥ የአንደኛ ዓመት ተጫዋች ሽልማት ወደ እኛ መጥቶ አያውቅም። በቃ፣ ዘንድሮ ደረሰልን አልን። ግን የማዶዋ ተፎካካሪ በየጨዋታው ስድስት አሲስት፣ የእኛዋ አራት! በማን ምክንያት? በሎርና ነዋ።

በሜዳችን የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ዴሊያ ዘጠኝ አሲስት ነበራት። ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው አንዲት ግሩም ኳስ አቀበለች፤ ተቀባይዋ ሁለቴ አንጥራ አገባች። ጂሙ በሙሉ "አስር!" ብሎ ጮኸ። የሎርና እርሳስ ግን ንቅንቅ አላለም።

"ጻፊላት እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ!" አልኳት።

"ሁለቴ አንጥራለች።"

"ማን አየ?"

"እኔ አየሁ።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ዌንደል፣ እኔ እዚሁ ሜዳ ላይ ስጫወት የሴቶቹን ማንም አይጽፍም ነበር። ዛሬ ውሸት ከጻፍኩ፣ ካለመጻፍ በምን ይሻላል?"

ንድድ አለኝ። የልጅቷን ዕድል በገዛ እጇ ቀበረችው ብዬ ሁለት ሳምንት አኮረፍኳት።

ለሽልማቱ ድምፅ የሚሰጡት የሊጉ አሰልጣኞች ናቸው፤ የራስን ተጫዋች መምረጥ ግን ክልክል ነው። ስለዚህ የማዶው አሰልጣኝ ሆብሰንም ከሌሎቹ አንዷን መምረጥ ነበረበት። ውጤቱ ሲነገር ዴሊያ አሸነፈች! ማመን አቅቶኝ ሆብሰን ጋ ደወልኩ።

"ምን ይገርምሃል?" አለኝ። "የሎርና አራት የእኛ ስምንት ነው። ይህን የማያውቅ አሰልጣኝ የለም።"

አፍሬ ሎርና ዘንድ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። "አንተ ሰዓትህን ያዝ" ብላ አባረረችኝ።

የወቅቱ መዝጊያ እራት ላይ፣ ባቄላችንን በበቆሎ ዳቦ እየበላን ሳለ፣ ዴሊያ ሽልማቷን ይዛ መጥታ ሎርና አጠገብ ተቀመጠች።

"ሚስ ሎርና፣ እርስዎስ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆነው፣ በመጨረሻው ጨዋታ ስንት አሲስት ነበረዎት?"

"ማን ጽፎት?"

ዴሊያ እርሳሱን ከሎርና ጆሮ ላይ መዘዝ አደረገችና ሶፍት ዘረጋች። "ይንገሩኝ፤ እኔ እጽፈዋለሁ።"

"አስር በያት!" ብዬ ከማዶ ጮኽኩ።

ሎርና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከሃምሳ ዓመት በፊት የነበረውን ጨዋታ ኳስ በኳስ እያስታወሰች በጣቷ ቆጠረች።

"አራት" አለች በመጨረሻ። "አምስተኛዋ ላይ ልጅቷ ሁለቴ አንጥራለች።"