ሳትጫወት የወሰደቻቸው ዋንጫዎች

ራቢአ ከድሩ ከረምቡላ የጀመረችው በብሩሽ ነው። አባቷ ጋሽ ከድሩ ዓለም ገና ላይ፣ የጅማው መንገድ ዳር፣ የመኪና መለዋወጫ ይሸጡ ነበር። ከሱቁ ጀርባ ባለው ሰፊ ክፍል ደግሞ አንድ የከረምቡላ ጠረጴዛ አቁመዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የድሮ ክበብ ሲፈርስ የገዙት ነው። እንደ ፑል ቀዳዳ የለውም። ኳሶቹም ሦስት ብቻ ናቸው፤ የራስን ኳስ በስቴካ፣ በረጅሙ ዘንግ፣ መትቶ ሌሎቹን ሁለቱን ማስነካት፣ ጨዋታው ይኸው ነው። ጋሽ ከድሩ ቤት ውርርድ ክልክል፣ መጠጥ ክልክል፣ አዛን እያለ ስቴካ መያዝ ክልክል ነው። ስለዚህም ቤቱ ሰው በዝቶበት አያውቅም።

ራቢአ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያንን አረንጓዴ ጨርቅ መቦረሽ ሥራዋ ነበር። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ደግሞ ትመታለች። አንድ ቀን አባቷ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩዋት ደረሰችባቸው። የሚቆጧት መስሏት ስቴካውን ለቀቀችው።

«አንሺው» አሏት። «ክርንሽን ታነሺዋለሽ፤ ለዚህ ነው የሚስትሽ።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ክርኗ የተናገረ ሰው የለም። ሃያ ዓመት ሲሞላት ከሰበታ የሚመጡትን ሹፌሮች ሁሉ በየተራ ትጥላቸው ጀመር። ሰው ሁሉ ኳሱን ሲያይ እሷ የምታየው የጠረጴዛውን ጠርዝ ነው፤ ኳሱ የት ነጥሮ የት እንደሚያርፍ ሳትመታ በፊት ያለቀላት ጉዳይ ነበር። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮላት ነበር። ሁለቱም ጊዜ ስቴካውን ትጣል የሚል ነገር መጣ፤ ሁለቱም ጊዜ ጋብቻው ቀረ።

በ2004 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በአንድ ላይ የከረምቡላ ውድድር አዘጋጁ። ደንቡ ወንድ ሴት ብሎ የሚለየው ነገር ስላልነበረ ራቢአ ተመዘገበች። ስድስት ሰው ጥላ ቡራዩ ላይ ለፍጻሜ ቀረበች። ተጋጣሚዋ የሱሉልታው ሚኒባስ ሹፌር ውብአየሁ ነበር፤ በዚያ አካባቢ የሚያሸንፈው ሰው ጠፍቶ የኖረ። አርባ ዘጠኝ ለአርባ ዘጠኝ ደረሱ፤ ቀድሞ ሃምሳ የሞላ ያሸንፋል። ተራው የእሷ ሆነ፤ ቀይዋ ኳስ ግን ጥግ ገብታለች። ራቢአ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ መታች። ኳሷ ሦስት ጠርዝ ዞራ፣ ቢጫዋን ገርፋ፣ እየደከመች እየደከመች ሄዳ ልትቆም ስትል ቀይዋን ነካቻት።

ያጨበጨቡት ጋሽ ከድሩ ብቻ ነበሩ። ውብአየሁ ስቴካውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ «ዕድል ነው» አለና ወጣ። ሱሉልታ ሲደርስ ሚስቱ ሳትቀር ሳቀችበት ተብሎ ተወራ።

በዓመቱ ለመመዝገብ ስትሄድ የውድድሩ ሰብሳቢ ኦቦ ዲሪርሳ ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሏት። ክፉ ሰው አልነበሩም።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዘንድሮ ደስ የሚል ዜና አለሽ» አሏት። «የሴቶች ዘርፍ ከፍተናል። ያንቺ ሥራ ነው፤ አንቺ ባትኖሪ አይከፈትም ነበር።»

«ስንት ሴት ተመዝግቧል?»

«አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም እሷ ሆነች። በውድድሩ ቀን ነጭ ሸሚዟን ለብሳ፣ ስቴካዋን በማኅደሩ ይዛ፣ ከአባቷ ጋር ሱሉልታ ሄደች። ቀኑን ሙሉ ወንዶቹ ሲጫወቱ አየች። ማታ ስሟ ተጠራ፤ ዋንጫውን አነሣች፤ ፎቶ ተነሣች። ማኅደሩ ሳይከፈት ተመለሰ። የሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። ሦስተኛውም። በአራተኛው ዓመት ጋሽ ከድሩ ነጭ ቆባቸውን እያስተካከሉ «ልጄ፣ ብንቀርስ?» አሏት።

«ከቀረሁ ጨርሶ ይረሱኛል፣ አባ።»

ሄዱ። ዋንጫውን ይዘው ተመለሱ። በዚያው ክረምት ጋሽ ከድሩ ዐረፉ።

ያኔት የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ሰበታ መዝገብ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት፤ ለወንድሟ ባጃጅ አምፖል ልትገዛ ገብታ የኳስ ድምፅ ሰማችና በጀርባው በር አንገቷን አስገባች። ራቢአ ስቴካ አስያዘቻት። እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት እንዳላት ራሷም አታውቅም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያኔት አትቀርም፤ ራቢአም አንድ ኳስ ሃምሳ ጊዜ ታስመታታለች። ዓመት አልፎ ሌላው ሲጋመስ፣ አንድ እሑድ ያኔት ሃምሳ ለአርባ አራት አሸነፈቻት።

ራቢአ ሣቀች። ያኔትን አቅፋ አነሣቻት። ከአባታቸው ወዲህ ሱቁን የያዘው የራቢአ ወንድም የህያ «ምን ሆናችሁ?» እያለ መጣ።

«ተሸነፍኩ!» አለችው።

የህያ ምኑ እንደሚያስደስት አልገባውም።

በማግሥቱ ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ኦቦ ዲሪርሳ ዘንድ ሄዱ። ኦቦ ዲሪርሳ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«አባትሽ ያረፉ ጊዜ ለቅሶ ላይ ስለነበርሽ አልነገርንሽም። የሴቶቹ ዘርፍ ተሳታፊ በማጣት ተዘግቷል።»

«ይኸው ሁለት ሆነን መጣን።»

«ደንቡ አሁን ቢያንስ አራት ይላል።»

«እንግዲያው ከወንዶቹ ጋር ይመዝግቡን።»

«እሱማ አይሆንም። ሴቶች የራሳቸው ዘርፍ አላቸው።»

«አሁን ተዘግቷል አላሉም እንዴ?»

«ተዘግቷል» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ፣ በሐዘን።

ራቢአ ሁለት ሴት ፍለጋ ወጣች። የወንድሟን ሚስት ሬሐናን ለመነች፤ ሬሐና ሕፃን ይዛለች። ቡራዩ ፑል የምትጫወት ጀዋሂር የምትባል ልጅ አለች ቢሏት ሄደች፤ ጀዋሂር ጠረጴዛውን አይታ «ቀዳዳ የሌለው ነገር ምን ያደርግልኛል?» አለቻት። ምዝገባው ተዘጋ። የያኔትም አመጣጥ እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ እንዲህ አለች፦

«አትቀየሚኝ፣ ራቢ። ለማን ብዬ ነው የምለማመደው?»

ያኔት ጫንጮ ተድራ ሄደች፤ መጀመሪያ ላይ ትደውል ነበር።

ከዚያ የህያ ክፍሉን ለጎማ መጋዘን ፈለገው። ራቢአ አልተከራከረችም፤ የሚጫወት ሰው እንደሌለ ከማንም በላይ ታውቃለች። ጠረጴዛውን የሚያነሡ ስድስት የቀን ሠራተኞች መጡ። ከጨርቁ ሥር ያለው ድንጋይ እንደሚከብድ ደጋግማ ነገረቻቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ የአንዱ እጅ ከዳውና ድንጋዩ ከሁለት ተሰበረ። የህያ ደነገጠ፤ ይቅርታም ጠየቃት። በማግሥቱ ዝናብ ዘንቦ ግቢው ሲጨቀይ ሁለቱን ስባሪ አንጥፎ መረማመጃ አደረገው። ራቢአ ሽንት ቤት ስትሄድ በዚያ ላይ ትረግጣለች።

ካቻምና ኦቦ ዲሪርሳ ደወሉ። የክብር እንግዳ ሆና ለወንዶቹ ሻምፒዮን ዋንጫ እንድትሰጥ ነበር። ሄደች። «የሴቶች ሻምፒዮን» የሚል ካርድ ፊቷ አስቀመጡላት። ፍጻሜውን አክመል የሚባል የቡራዩ ሰው አሸነፈ። በመሃል አንድ ቀላል ኳስ ሳተ፤ ክርኑን አንሥቶ ነበር። ራቢአ አየችው።

ዋንጫውን ስታቀብለው ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ «አንቺም ትጫወቺ ነበር እንዴ?» አላት።

«ነበር» አለችው።

ዛሬ ሱቁ ውስጥ ናት፤ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ ትሸጣለች። ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። አምና ሳይጠሯት ቀሩ። የዘንድሮው ውድድር ሱሉልታ መካሄዱን የሰማችው ካለፈ ከሳምንታት በኋላ፣ ኩሽኔታ ሊገዛ ከመጣ ሹፌር ነው። ማን እንዳሸነፈ ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት ሰውዬው የኩሽኔታውን ቁጥር ነገራት። መሰላሉን አቁማ ልታወርድለት ወጣች።