የጉሮሮ መጥረጊያ

የአባቴ ድምፅ መጎርነን ሲጀምር ማንም አልደነገጠም። ከሐይቁ ማዶ ባለች ደብር መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩና ማኅሌት ሲቆሙ ነው የኖሩት። ለእንዲህ ያለ ሰው የሻከረ ድምፅ ማዕረግ ነው። «የሁዳዴ ድምፅ ነው፣ ፋሲካ ሲደርስ ይለቃቸዋል» አሉ ተማሪዎቻቸው። ፋሲካ መጣ፣ ሄደ። ክረምቱም ገባ። ድምፃቸው ጭራሽ እንደ ወፍጮ ሲያጓራ፣ የሰንበቴ ማኅበርተኞቻቸው «አቤት ግርማው!» ይሉ ጀመር።

ግርማ! እኔ በንዴት እበግን ነበር።

መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት የገባበት አረቄ። ከማኅሌት ሲወጡ አንድ መለኪያ፣ ተማሪ ዜማ ከማስቀጸላቸው በፊት አንድ መለኪያ፣ ለዓመታት። ድምፁ በባሰ ቁጥር የሰፈሩ ሴቶች ጠንካራ ጠንካራውን ዳግም አረቄ እየመረጡ በጠርሙስ ይልኩላቸዋል፤ ለነፍሳቸው ብለው። በክፋት ቢሆን ኖሮ የምጣላው ሰው አገኝ ነበር።

ምራቅ ለመዋጥ እንኳ አንገታቸውን ማዘንበል ሲጀምሩ በጀልባ ሄጄ አመጣኋቸው። እኔ ከሐይቁ ወዲህ ባለው ከተማ፣ ግሽ አባይ ሰፈር ቤት ተከራይቼ የምኖር የኮሌጅ ጸሐፊ ነኝ። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሌላ ሆነ። አለቃዬን ፈቃድ መለመን፣ ከባጃጅ ሹፌር መጨቃጨቅ፣ የሆስፒታል ካርድ ማውጣት፣ ወረፋ መያዝ፣ «ነገ ተመለሱ» መባል። ነገ ሲሆን ደግሞ መብራት የለም። ወይ መከራ!

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት።

«አባ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«እግዚኦ! የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ እኮ!»

«ጫትስ?»

«በስመ አብ!»

«መጠጥ?»

«ጠላ፤ እሱም በበዓል።»

«አረቄውስ፣ አባባ?» አልሁ እኔ።

«እሱ መጠጥ ነው እንዴ? የጉሮሮ መጥረጊያ ነው።»

ሐኪሙ አልሳቀም። ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱ ሲመጣ የጉሮሮ ካንሰር ሆነ። ከምን መጣ ብዬ አፋጠጥሁት። በሽታው በየአገሩ ልማድ እንደሚለያይ ነገረኝ። በእስያ ትንባሆ ከቅጠል ጋር የሚያኝኩት አፋቸውን ይይዛቸዋል፤ ሲጋራና መጠጥ በሚበዛበት ጉሮሮን ያጠቃል፤ ቫይረስ የሚያመጣውም አለ፤ ምንም ሳይነኩ የሚታመሙም አሉ። ሁለቱን ሱስ ያጣመረ ይብስበታል፣ አረቄ ብቻውንም ግን አይምርም አለኝ። የአባቴ ከዚያ ነው ብሎ መማል እንደማይችልም አልደበቀኝም። «ድምፁ እንደጎረነነ ብታመጫቸው ኖሮ በጨረር ልንሞክር እንችል ነበር። አሁን ማንቁርታቸው መውጣት አለበት። አንገታቸው ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ይተነፍሳሉ፤ ድምፃቸው ግን አይኖርም። ካልሆነ አይተርፉም።»

«ታዲያ ከኔ ምን ይቀራል?» አሉ አባቴ።

ቤት ወስጄ ለመንኋቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። የንስሐ አባታቸው መጡ፣ ለመኑ፣ ሄዱ። እኔም ከሥራ መጥቼ አጥሚት አፈላለሁ፣ እለምናለሁ፣ ሳይጠጡት ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ትዕግሥቴ አለቀ።

«መሪጌታነትዎ ለደብሩ ነው! ለኔ አባቴ ነዎት! ዲዳም ቢሆኑ እፈልግዎታለሁ!» ብዬ ጮህሁ። የግቢው ተከራይ ሁሉ ሰማ። እንኳን ሰማ!

አባቴ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «እሺ፣ ያውጡት» አሉ። ደስታም አልነበረኝም፤ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ጧት ተማሪዎቻቸው ሐይቁን ተሻግረው መጡ። ኮሪደሩ ነጠላ በለበሰ ሰው ሞላ። ለመጨረሻ ጊዜ ያዜማሉ ብለው ነው። አንዱ ስልኩን አዘጋጅቶ ቀረበ። «የኔታ፣ እባክዎ አንድ ቃል ይበሉልን» አላቸው። አልጋውን የሚገፉት ነርሶች እንኳ ቆሙ። አባቴ አየት አደረጓቸውና ዓይናቸውን ወደኔ መለሱ።

«አንቺ፣ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም። ሂጂና ብዪ» አሉኝ በዚያ በሻከረ ድምፅ።

ከዚያ አልጋው ተገፋ፤ በሩ ተዘጋ። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ያኛውም ስልኩን ኪሱ ከተተ።

አባቴ ተርፈዋል፤ ያ ድምፅ ግን ዳግመኛ አልተሰማም። ያን ዕለት ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ካለች ምግብ ቤት ገብቼ ሽሮ አዘዝሁ። እንባዬ እየወረደ፣ አስተናጋጇ እያየችኝ፣ አንድ ጉርሻ ሳላስቀር በላሁት።