የእጅጌው ቀለም

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እኔ እታለም ነው የምላት። ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የወፈረ ደንበኛዋን ሳታሳፍር ልብሱን ታሰፋለታለች። ሰው የሚወዳት ለእጇ ብቻ አይደለም፤ ወሬ አታወጣም። ማን ከሳ፣ ማን የሟች አባቱን ኮት አስጠበበ፣ ሁሉም እሷ ጋ ገብቶ ይቀራል። የሆድን ሆድ ይፍጀው የምትል ሴት ናት። እንግዲህ የቴሌቪዥን ጣቢያው አፏን ያስከፈታት እንዲህ ያለችዋን ሴት ነው። ታሪኩን ልጽፈው ስላት፣ "ጻፊው፣ ግን እንዳታስቂበት" አለችኝ። አላስቅም።

ባሏ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ማታ ሲገባ እጁም ሸሚዙም ቀለም ቀለም ይሸታል። አንድ ቀን ማተሚያ ቤቱ ተዘጋ። ጋሼ ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም። በነጋታው እንደ ወትሮው ተነሣ፣ ተላጨ፣ ምሳ ዕቃውን ይዞ ወጣ። እታለም የመዘጋቱን ወሬ ከደንበኛዋ ሰማች። ማታ ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት እጅጌው ላይ ቀለም አየች። ገና ያልደረቀ ቀለም። ሰውየው የቀለም ብልቃጥ ገዝቶ፣ ከመግባቱ በፊት እጅጌውን ይነካካል! አፏን መልሳ ዘጋች።

ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ፣ ደመወዙን ሳትጠይቀው በስፌቷ ቤቱን እየያዘች፣ ምሳውን ቋጠረችለት። ሸሚዙን ስታጥብ እሱ እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ "ኧረ ይሄ ቀለም አልለቅ ብሎ ገደለኝ!" እያለች ትነጫነጫለች። አንዳንድ ቀን መቀባቱን ይረሳል። ያን ቀንም ንጹሑን እጅጌ እያሸች ትነጫነጫለች። እሱም ከውስጥ ሆኖ "ምን ላድርግ፣ ሥራ ነው" ይላታል። በመጨረሻ ካርቶን ፋብሪካ ተቀጠረ። "ማተሚያ ቤቱን ተውኩት፣ የተሻለ አገኘሁ" አላት። "እሰይ!" አለችው። ነገሩ በዚያው ተዳፈነ። እኔ እንኳ፣ የእናቷ ልጅ፣ አልሰማሁም ነበር።

ጣቢያው በበኩሉ ተመልካች እየሸሸው ተጨንቋል። በተመረጡ ቤቶች ቴሌቪዥን ላይ ያስቀመጡት ተመልካች የሚቆጥር ሳጥን በየወሩ ያንኑ መርዶ ያረዳቸዋል፦ ወጣቱ ስልኩ ላይ ነው፤ የቀሩት እንደ እህቴ ያሉ ናቸው፣ እነሱም እያንቀላፉ። ስለዚህ አዲስ ድራማ ከመምረጣቸው በፊት ሰው እየጠሩ ማነጋገር ያዙ። እህቴም ከአንዲት ደንበኛዋ ጋር ተጠራች። ክብ ተደርድሮ የተቀመጠ ወንበር፣ ሻይ፣ ብስኩት፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ትልቅ መስታወት። ጠያቂዋ አንደበቷ ማር የሆነ ወጣት ናት፤ ሁሉንም ሴት "እናቴ" ትላለች። "እዚህ የምንጫወተው ከዚህ ክፍል አይወጣም" አለቻቸው። ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጠው የሚያዩ ሰዎች እንዳሉ እህቴ ያወቀችው ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

"በቤታችሁ የሆነ፣ ግን ቴሌቪዥን ላይ አይታችሁት የማታውቁት ነገር ምን አለ?" ስትል ጠየቀች። አንዷ ስለ አማቷ፣ አንዷ ስለ ልጇ አወራች። የእህቴ ተራ ደረሰ። የእጅጌውን ቀለም አወራች።

በኋላ "ምን ነካሽ?" ብዬ ጮህኩባት።

"ስናገር ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም" አለችኝ። "እንደዚያ አድርጎ የሰማኝ ሰው የለም። አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች።"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ከወራት በኋላ ደግሞ ለሙከራ አዳራሽ ጠሯት። ሦስት አዳዲስ ድራማዎች ይታያሉ፤ ለአየር የሚበቃው አንዱ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ትንሽ ማዞሪያ አስያዙት፦ ደስ ካለህ ወደ ቀኝ፣ ከሰለቸህ ወደ ግራ። የእያንዳንዱ እጅም፣ የሁሉም ድምርም በሌላ ክፍል መስመር ሆኖ ይታያል፤ አለቆቹም የድምሩን መስመር አይተው ይመርጣሉ። ሁለቱ አለፉ። ሦስተኛው ሲጀምር አንድ ሰውዬ ምሳ ዕቃ ይዞ ከቤት ወጣ። አግዳሚ ወንበር ላይ ሲያንጎላጅ ዋለ። ማታ ብልቃጡን ሲከፍት ቀለሙ ሱሪው ላይ ተደፋ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሚስትየው ሸሚዙን እያሸች ለተመልካቹ ዓይኗን ጠቀሰችና "ኧረ ይሄ ቀለም አልለቅ ብሎ ገደለኝ!" አለች። በእህቴ ግራና ቀኝ ያሉ እጆች ሁሉ ወደ ቀኝ ዞሩ። እህቴ ወደ ግራ አዞረች፤ አልዞር እስኪላት ድረስ አዞረችና እንደያዘችው ቀረች።

ሲያልቅ ጠያቂዋን ኮሪደር ላይ ያዘቻት።

"ልጄ፣ ይሄ እኮ የኔ ገመና ነው።"

"እናቴ፣ ስም አልጠራን፣ ምን አስጨነቀዎት? መጀመሪያ አሳዛኝ አድርገን ነበር የሠራነው። ወጣቶቹ ገና ሳይጋመስ ስልካቸውን አወጡ። ያስቀመጣቸው ሳቁ ነው።"

"እኔ ወደ ግራ ነው ያዞርኩት።"

"እርስዎ ነዎት እንዴ? አንድ መስመር ከሁሉም ርቆ አየንና፣ ማዞሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብለን ከድምሩ አወጣነው።"

እኔ ብሆን ምን እንደማደርጋት አውቃለሁ። እህቴ ግን አንገቷን ደፍታ ወጣች። ድራማው ተመረጠ። ያኔ ነው መጥታ ሁሉንም የዘረገፈችልኝ። ጭንቀቷ አንድ ብቻ ነበር፦ ጋሼ እንዳያይ።

"ቀድመሽ ለምን አትነግሪውም?" አልኳት።

"ምን ብዬ? አንገቱን ቀና አድርጎ የኖረው እኔ አላውቅም ብሎ እኮ ነው።"

የቴሌቪዥኑን ገመድ በመቀስ ቆረጠችው። ጋሼ "አይጥ ነው" ብሎ ወዲያው ቀጠለው። ድራማው የጀመረ ሰሞን ከፋብሪካ እየሳቀ ገባ። "ልጆቹ አዲስ ቀልድ አምጥተዋል፤ 'ቀለሙ ለቀቀ?' ይባባሉና ይንፈራፈራሉ። ምን እንደሆነ አልገባኝም፣ አብሬ ሳቅሁ። ከቴሌቪዥን ነው አሉ፤ እሁድ የመጀመሪያውን ክፍል ይደግሙታል፣ እናየዋለን" አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

እሁድ እኔም እዚያው ነበርኩ፤ እህቴ ለምናኝ ነው የሄድኩት። ጋሼ ሻዩን ይዞ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ሰውየው ምሳ ዕቃውን ይዞ ሲወጣ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ብልቃጡ ሲከፈት ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሚስትየው "አልለቅ ብሎ ገደለኝ!" ስትል ቀስ ብሎ ወደ እህቴ ዞረ። እህቴ ቀና አላለችም። ከቴሌቪዥኑ ሳቁ ይንፎለፎላል። ተነሥቶ አጠፋው።

"ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

ቁጣውን ጠበቅሁ። እሱ ግን ተመልሶ ቁጭ አለ። "እሱስ ይሁን፤ ለኔ ብለሽ ነው የቻልሽው" አለ። ከዚያ በእጁ ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን ጠቆመ። "ለኔ ያልነገርሽኝን ለነሱ ነገርሻቸው?"

እህቴ ብርጭቆውን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም የት እንደምገባ ጠፋኝ።

ሰኞ ጠዋት ሱቋን ሳትከፍት ጣቢያው ሄደች። ልትጮህ፣ ልትሳደብ፣ አቁሙልኝ ልትል ነው። ጠያቂዋ ደረጃውን እየሮጠች ወርዳ አቀፈቻት። "እናቴ! እንኳን ደስ አለዎት! ወጣቱ ተመለሰልን፤ ሁለተኛው ምዕራፍም ጸደቀ!"

"ባሌ አየው" አለች እህቴ። "አወቀ።"

የልጅቷ ፊት ተለወጠ። ክንዷን ይዛ ወደ ክፍሉ አስገባቻት፣ አስቀመጠቻት፣ ሻይ አስመጣችላት። ዓይኗ እንደ መጀመሪያው ቀን እንባ አቀረረ። እህቴ በዚያ እንባ ሆዷ ሊባባ ምንም አልቀረውም ነበር። ልጅቷ ስልኳን አወጣችና መቅጃውን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ በመካከላቸው አስቀመጠችው።

"ወይኔ እናቴን!" አለች ቀስ ብላ። "ታዲያ ምን አለ?"

እህቴ ስልኩን አየችው፣ መስታወቱንም አየችው። ሻዩን ሳትነካ ተነሣች።

"ምንም አላለም" አለቻት።

ቤት ስትደርስ ጋሼ ከፋብሪካ ቀርቶ ጓሮ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብሎ ሸሚዙን ያጥባል። በትዳር ዘመኑ ሁሉ ልብስ አጥቦ አያውቅም። እጅጌውን ነው የሚያሸው። አጠገቡ ቆመች፤ ከዚያ እጇን ዘረጋች።

"አምጣ፣ እኔ ልጠበው።"

"ተይው" አላት ቀና ሳይል። "ንጹሕ መሆኑን ታውቂያለሽ።"