አፍንጫዋ ወደ ቁልቁለቱ

አባቴ አሮጌዋን ፒካፕ ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ነበር የሚያቆማት። «ሰው መቼ እንደሚታመም አይታወቅም» ይል ነበር። አልነሳ ስትል ጎረቤት ይገፋታል፤ ስትበላሽ እዚያው ግቢ ውስጥ በፒንሳና በካቻቢቴ ፈትቶ ይገጥማታል። እሱ ካረፈ በኋላ አዲስ መኪና ስገዛም እዚያው ቦታ፣ እንደዚያው አዙሬ አቆምኳት። ልማድ ነው።

ባለፈው ክረምት እናቴ ድንገት ታመመችብኝ። ከከተማችን ከቁይ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ላደርሳት ከኋላ ወንበር አስተኝቻት መኪናዋን ላስነሳ ብል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ከመታየቱ በቀር ምንም የለም። ኮፈኑን ከፈትኩት። ጥቁር ፕላስቲክ ክዳን ነው፤ ፒንሳ የሚይዘው ነገር እንኳ የለውም። የደወልኩለት መካኒክ «በኮምፒውተር ካልታየች አይሆንም» አለኝ። ምን ኮምፒውተር አለና እዚህ!

ጎረቤቶቻችን ማንም ሳይጠራቸው በዝናቡ ወጡ፤ ጋቢያቸውን ጥለው ትከሻቸውን ሰጡ። አውቶማቲክ ናት፣ ማርሹ ተቆልፏል፣ ይቺ በግፊያ አትነሳም ብል ማን ይስማኝ! «አንተ ግባና መሪህን ያዝ!» እያሉ ገፉ። ጎማዎቹ ንቅንቅ አላሉም፤ መኪናዋ እዚያው ቆማ ትወዛወዝ ጀመር።

እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ደረስን ልጄ?» አለችኝ።