ባለ ጠባሳውን መሰንጠቂያ የሸጥን ጊዜ

ጋሼ ኑሩ ቤት ሥራ የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ መሣሪያ መጥረጊያ ነበር። ደብረ ታቦር ገበያው ጥግ ባለው የእንጨት ሥራ ቤታቸው ሰጋቱራ ጠርጌ በጆንያ እንድሞላ ተቀጠርሁ። አናጺ እሆናለሁ ብዬ አላሰብሁም። ሰጋቱራውን ለማገዶ እንድሸጠው ስለፈቀዱልኝ ብቻ ደስ ብሎኝ ነበር።

በቤቱ መሃል መሰንጠቂያው ቆሟል። ከጣሊያን አገር የመጣ ነው፤ እግሩም ጠረጴዛውም ቀልጦ ከተፈሰሰ ብረት የተሠራ፣ ከጠረጴዛው መሃል ክብ መጋዝ ብቅ ያለበት፣ በሞተርና በችንጋ የሚዞር። ጋሼ ኑሩ ሲገዙትም አሮጌ ነበር።

«ሳምንት ሙሉ እንዳትነኪው» አሉኝ።

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ስሚው።»

የሚሰማው ለካ ሲጠፋ ነው። ማብሪያው ተዘግቶም መጋዙ ወዲያው አይቆምም፤ በያዘው ጉልበት ይዞራል። ያን ጊዜ የጋሼ ኑሩ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። የቁርኣኑን መክፈቻ፣ ፋቲሓን፣ ይቀሩ ነበር። ቀርተው ሲጨርሱ መጋዙ ገና ከዞረ፣ ዘንጉ የተቀመጠበት ኩሽኔታ ደኅና ነው። ሳይጨርሱ ከቆመ ግሪስ ጠምቶታል፣ ወይም ተበልቷል።

«እኔ ፋቲሓ አላውቅም» አልኋቸው።

«አባታችን ሆይን አታውቂም?»

ሞከርነው። የእኔ ረዘም አለ። «የእናንተው ማሽኑን ያደክመዋል» ብለው ሳቁ።

ከመጥረጊያ ወደ ረዳትነት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። የመጋዙን ጥርስ በሞረድ መሳል፣ አንዱን ወደ ቀኝ አንዱን ወደ ግራ በልኩ ማዛነፍ፣ ችንጋ ማጥበቅ ተማርሁ። ዋንዛ በእርጋታ እንደሚገፋ፣ ባሕር ዛፍ ግን መጋዙን ስለሚነክስ ከኋላው ሽብልቅ እየሰጡ እንደሚሰነጠቅ እጄ አወቀ።

አንድ በር ያዘዘ ሰውዬ እኔ ስሰነጥቅ አየና «ጋሼ ኑሩ፣ ይቺ ናት የኔን በር የምትሠራው?» አለ።

«አይ፣ ያንተን እኔ እሠራዋለሁ» አሉት። «ቀጥ ያለ በር የፈለገ ነው እሷ ጋ የሚሄደው።»

በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ።

የማሽኑ ጠባሳ የወጣው በዚያው ሰሞን ነው። ወለሉን ስናድስ ማሽኑን በገመድ አንሥተን ሳለ ገመዱ ተበጠሰና የጠረጴዛው ማዕዘን እንደ ዳቦ ተገመሰ። ብየዳው ያዘልን። መስመሩ ግን ጥፍር የሚገባበት ጎድጓዳ ሆኖ ቀረ። ጋሼ ኑሩ አልተናደዱም፤ የጣውላ ስፋት መለኪያ ምልክት አደረጉት። «ጠባሳው ላይ» ካሉ የበር ልክ ነው፤ «ከጠባሳው ሁለት ጣት» ካሉ የመስኮት። ሜትር የምናወጣው ደንበኛ ካየን ብቻ ነበር።

ዘመን አለፈና የጋሼ ኑሩ ዓይን ከዳቸው። ጥላና ብርሃን ከመለየት በቀር አያዩም። ሥራ ቤቱን እኔ ይዤው ቆየሁ። ኋላ መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ እስከ ጥር ማብቂያ ልቀቁ ተባልን። ያገኘሁት ኪራይ ቤት ባለ ሦስት ፌዝ መብራት የለውም፤ አሮጌው ሞተር ደግሞ ያለዚያ አይነሣም። መሰንጠቂያው መሸጥ ነበረበት።

አሮጌ ብረት በኪሎ የሚገዛ ነጋዴ መጣና በጫማው መታ መታ አድርጎት ሠላሳ ሺህ ብር አለ። «በመዶሻ ሰባብሬ ነው የምጭነው፤ እናንተ ምንም አትቸገሩም።»

ይህን ለጋሼ ኑሩ ስነግራቸው «የሚሠራበት ሰው ፈልጊለት» አሉኝ።

ዋጋውን እንዲህ አወጣሁት። ከታች የብረቱ ኪሎ አለ፣ ከላይ አዲሱ የቻይና ማሽን አለ። በመሃሉ ሞተሩ፣ ኩሽኔታውና የጠረጴዛው ቀጥታነት ይመዘናል። መቶ አርባ ሺህ ብዬ ጠራሁ።

መጀመሪያ ከጉና ሥር አንድ ገበሬ መጣ። ወደደው፤ ሰፈሩ ግን መብራት አልገባም። «በበቅሎ አይዞርም?» አለኝ። ቀልዱን ይሁን የምሩን እስካሁን አላውቅም። ሁለተኛው ጠባሳውን አይቶ «ይሄማ ስብር ነው» ብሎ ዋጋ ሳይጠይቅ ሄደ። ጥር ሊያልቅ ሳምንት ቀረ። ነጋዴው በየቀኑ ይደውላል።

ያኔ ነው የተሳሳትሁት። ጠባሳውን በስቱኮ ሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁ፣ ብረቱን እንዲመስል አጠቆርሁት። ሆዱንና እግሩን አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። ለማሳመር ብዬ ነው ብል ግማሹ ውሸት ነው።

አቶ ፈንታሁን የሚባሉ የአንበሳሜ አናጺ አይሱዙ ተከራይተው መጡ። ማሽኑን በጣታቸው አንጓ አንኳኩ፣ ዞሩት፣ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ዕድሜው ስንት ነው እታለም?»

«ከእኔም ከእርስዎም ይበልጣል።»

«ታዲያ እኛ ስንሸብት እሱ ምን ሆኖ ለመለመ?»

«አጽድቼው ነው» አልሁ። ድምፄ ለራሴም አልጣመኝ።

ይሄን ጊዜ ጋሼ ኑሩ በምርኩዛቸው እየዳበሱ ገቡ። ማሽኑን ሊሰናበቱት ነው። መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉና ጣታቸው ወደ ማዕዘኑ ሄደ። ፈለገ፣ ተመለሰ። የቆሙበት አቅጣጫ የተሳሳታቸው መስሏቸው ወደ ሌላው ማዕዘን ዞሩ። እዚያም የለም።

«ታንጉት» አሉ።

«አቤት ጋሼ።»

«ይሄ የኛው ማሽን ነው?»

«የኛው ነው።»

«ጠባሳው የታለ ታዲያ?»

አቶ ፈንታሁን እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ወደ ውጭ ለሾፌሩ «መኪናውን አታጥፋው» አሉት።

መሮ አነሣሁ። ስቱኮውን ሁለቱ ሰዎች እያሉ ፈልፍዬ አወጣሁት። እየፈለፈልሁ ገመዱ እንዴት እንደተበጠሰ፣ ማን እንደበየደው፣ ለምን እንደደፈንሁት ተናገርሁ። ስጨርስ ጋሼ ኑሩ ጥፍራቸውን መስመሩ ውስጥ አስገቡ። «እህ፣ እዚህ ነህ» አሉት ማሽኑን።

አቶ ፈንታሁን ጎንበስ ብለው ብየዳውን መረመሩት። «ከዚያ ወዲህ ተላቆ ያውቃል?»

«አያውቅም» አሉ ጋሼ ኑሩ።

«እስቲ አስነሺው።»

አንድ የዋንዛ ጣውላ አስገባሁ። ቀጥ ብሎ ወጣ። ጣውላውን እንዳነሣሁ መብራት ሄደ።

ሞተሩ ዝም አለ፣ መጋዙ ብቻውን ቀረ። የጋሼ ኑሩ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ። እኔም በውስጤ ጀመርሁ። ጋሼ ኑሩ ጨረሱ፤ ይዞራል። እኔ አሜን ደረስሁ፤ አሁንም ይዞራል፣ ያለ ኮሽታ።

«ምንድን ነው የምትጸልዩት?» አሉ አቶ ፈንታሁን።

«ዋጋ እያወጣን ነው» አሉ ጋሼ ኑሩ።

ነገሩን ስናስረዳቸው ሳቁ። ሲስቁ ደፈርሁና «ለጠባሳው ስንት ይቀንሳሉ?» አልሁ።

«ለጠባሳው አልቀንስም፤ አየሁታ። ለቀለሙ ግን አሥር ሺህ ቀንሺ። ከሥሩ ሌላ ነገር ይኑር አይኑር አንበሳሜ ወስጄ ፍቄ ነው የማውቀው።»

ምንም የለም ብዬ ልምል አልሁና ተውሁት። መቶ ሠላሳ ሺህ ተስማማን። ስንጭነው ገመዱን ሁለት ጊዜ ያሰርሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ኑሩ መኪናው እስኪርቅ በጆሯቸው ሸኙት።

ከሳምንታት በኋላ አቶ ፈንታሁን ደወሉልኝ። አረንጓዴውን ፍቀው ጨርሰዋል። «ሌላ ጠባሳ አጣሁ» አሉ። «አሥር ሺህሽን ግን አልመልስም።» ለጋሼ ኑሩ ስነግራቸው «ደግ አደረገ» አሉ።

አሮጌ ማሽን ሊሸጡ ምክር የሚጠይቁኝ አሉ። ዘይት አጠጡት፣ ቀለም አትቀቡት። የተሰበረበትን ቦታ ገዢው ሳይጠይቅ አሳዩት። ዋጋ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው።